የክርስትና ስሟ የማይታወቅ ሯጭ

መሮጥ የጀመርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ደሜን የመረመረችው ሐኪም ወረቀቱን አየችና፣ «ስኳር ገና አልያዘዎትም፤ ግን በር ላይ ቆሟል» አለችኝ።

ምን ላድርግ አልኳት።

«ይንቀሳቀሱ።»

እኔ ቆቦ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። መንቀሳቀስ ማለት እሱ መስሎኝ ነገርኳት። «እሱ አይቆጠርም» አለች።

ባሌ ከሞተ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጉበቱን ታሞ ነው የሞተው። ሐኪም ቤቱም፣ ጠበሉም፣ ስለቱም የቀረ ነገር አልነበረም። ከተዝካሩ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። እግዚአብሔር የለም አላልኩም፤ አላሰብኩትምም። ተቀይሜው ነው። እሱም ምንም ስላላለኝ ተኳርፈን ተቀመጥን። የንስሐ አባቴ ሁለት ጊዜ ቤቴ ድረስ መጡ። ሻይ አፈላሁላቸው፣ ጠጡ፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ሄዱ።

ጫማ ከገበያ፣ ከሳልባጅ ክምር ውስጥ ፈልጌ ገዛሁ። ለእግሬ ልክ የሆነው የወንድ ብቻ ነበር።

ቆቦ ውስጥ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚሮጥ ሰው የለም። ከመውጣቷ በፊትም የለም። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በአስፋልቱ ወደ ጎብዬ አቅጣጫ ስሮጥ አንድ ባጃጅ አጠገቤ መጥቶ ቀስ አለ።

«ማዘር፣ ማን ሞተ?» አለኝ ሹፌሩ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ የት ነው? ይግቡ ላድርስዎት።»

«የትም አልሄድም። እየሮጥኩ ነው።»

ትንሽ አሰበና፣ «እሺ፣ ሲደክምዎት እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ሲመለስ እውነትም ደክሞኝ ነበር። ተሳፍሬ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን በሬ እየነዳ ወደ ማሳው የሚሄድ ገበሬ አየኝና ዱላውን ይዞ አብሮኝ ሮጠ። ሌባ የማሳድድ መስሎታል። ጥቂት እንደሄድን፣ «በየት በኩል ነው የገባው?» አለኝ። ስፖርት መሆኑን ነገርኩት። በሬዎቹን ትቶ ነበርና የመጣው፣ እየሮጠ ወደ ኋላ ተመለሰ። ከእኔ በጣም ይፈጥን ነበር።

አስፋልቱ ላይ ውሻ ሲያስቸግረኝ፣ በማሽላ ማሳዎች መሃል ወደሚያልፈው የአፈር መንገድ ዞርኩ። መንገዱ የሚያልቀው በዛፍ የተከበበ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። የመረጥኩት ለሌላ ነገር አልነበረም። ቅጥሩ ውስጥ፣ ከበሩ አለፍ ብሎ፣ ቧንቧ አለ። በእኛ አገር ሙቀት ሰው የሚሮጠው ውሃ እስካለበት ድረስ ነው።

በሩ ላይ ዘበኛው ተቀምጠዋል። ጋቢ የለበሱ፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው። አነጋገራቸው ከዋጃ፣ ከአላማጣ ወዲያ የመጡ መሆናቸውን ይናገራል።

«ሱሪ ለብሰሽ አይገባም» አሉኝ።

«ልሳለም አይደለም አባባ፣ ውሃ ልጠጣ ነው።»

«ቧንቧውም ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው።»

በማግስቱ ሰፊ ቀሚስና ነጠላ በፌስታል ይዤ ሮጥኩ። በሩ ላይ ቀሚሱን ከሱሪው በላይ አጠለቅሁ፣ ነጠላዬን ተከናነብኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጫማውንም አዩት፤ እሱን ግን አለፉት። «ሳይሳለሙ አይታለፍም» አሉ። አማተብኩ፣ ተሳለምኩ፣ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው እንዲሁ ሆነ። እኔ ለውሃው ነበር የምሳለመው።

ከቤቴ እስከዚያ ሳላቆም ለመድረስ ብዙ ወራት ፈጀብኝ። ትንፋሼን የማስተካክልበት ነገር ያስፈልገኝ ነበር። ቁጥር ሞከርኩ፤ መሥሪያ ቤት የፋይል ቁጥር ስፈልግ ስለምውል ሰለቸኝ። ዘፈን ሞከርኩ፤ ቀደመኝ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የሚሰማውን «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሳላስበው ያዝኩት። «እግዚኦ» ስል አየር ይገባል፣ «ተሣሃለነ» ስል ይወጣል። ከእርምጃዬ ጋር ልክ ገጠመ። ጸሎት ነበር ብዬ አልዋሽም። ትንፋሽ ነበር። ግን በአንድ ማለዳ ይህን ያህል ጊዜ «ማረን» የምትል ሴት፣ ያኮረፈችውን አምላክ እየደጋገመች እየጠራች መሆኗን አንድ ቀን ማስተዋሏ አይቀርም። አስተዋልኩ። ማሽላው መሃል ቆሜ ትንሽ አሰብኩ። ሌላ የሚመቸኝ ስላላገኘሁ ቀጠልኩ።

ዘበኛው «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። «ፊትሽ ቀልቷል፣ ቁጭ በይ» ነው የሚሉት። እቀመጣለሁ። ቅዳሴው ከውስጥ ይሰማል። አንዳንድ ቀን እግሬ ካረፈ በኋላም ሳልነሣ እቀር ነበር። የሥራ ሰዓት ይደርሳል፣ እየሮጥኩ እመለሳለሁ።

ያን ዓመት ከመስቀል በኋላ ወባ ጣለኝ። ሁለት ሳምንት ከአልጋ አልወረድኩም። ሲሻለኝ በመጀመሪያው ማለዳ ከሮጥኩት የተራመድኩት ይበልጣል። ዘበኛው ከሩቅ ሲያዩኝ ተነሡ። ለእኔ ሲነሡ ያየኋቸው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

«የት ጠፋሽ?»

«ወባ ይዞኝ ነበር፣ አባባ።»

«ታማለች ብያለሁ። ለቄሱ ነግሬ በጸሎት አስጠርቼሻለሁ።»

«ስሜን የት ያውቁታል?»

«የት አውቀዋለሁ? ቄሱም ‹የክርስትና ስሟ ማነው?› አሉኝ። አላውቅም፣ ሯጯ ይበሏት አልኳቸው። እንዲህ የሚባል የክርስትና ስም የለም ብለው ተቆጡኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ በዚህ አገር የምትሮጥ ሴት አንድ ናት፤ እግዚአብሔር አይሳሳትም አልኳቸው። ‹ያቺን የምትሮጠውን ልጅህን› እያሉ ጠሩሽ። እስከ ትናንት ድረስ።»

ወደ ቧንቧው ሄጄ ከፈትኩትና ሳልጠጣ ቆምኩ። እንባዬ መጣ። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ሰው ያስታውሰኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ እዚህ ግን ስሜን እንኳ የማያውቅ ሰው ስለ እኔ ከቄስ ጋር ይጣላል። ያን ሁሉ ዓመት ኩርፊያው የእኔ ብቻ እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

ዘበኛው ከበሩ ሆነው፣ «ውሃው እየፈሰሰ ነው፣ ዝጊው» አሉኝ።

ዘጋሁት። ተመልሼ የክርስትና ስሜን ነገርኳቸው። ለራሴ እንኳ ካልኩት ዓመታት ሆኖኛል፤ አፌ ላይ ከበደኝ። ሁለት ጊዜ ደገሙት፣ እንዳይረሱት።

«ጥሩ ስም ነው። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ከቄሱ ጋር ባልተጣላሁ» አሉ። ልሄድ ስል ደግሞ በአገራቸው ቋንቋ «ኣጆኺ» አሉኝ። አይዞሽ ማለታቸው ነው።

በዚያው ሳምንት የንስሐ አባቴ ቤት ሄድኩ። ከአራት ዓመት በኋላ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ነው መንገዱ ያለቀው።

«አባ፣ እግዚአብሔርን አኩርፌ ነበር» አልኳቸው።

«እናውቃለን» አሉ። ማንን ጨምረው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ሁሉን ነገርኳቸው። ባሌ በታመመበት ጊዜ የለመንኩትን፣ ሳይሆን ሲቀር የተናገርኩትን። አንገታቸውን ደፍተው እስክጨርስ ሰሙኝ። በመጨረሻ እጄን ይዘው፣ «እኔም ለእሱ ለምኜ ነበር» አሉ። እሱ በቃኝ።

ከዚያ ወደ ቀኖናው ሄድን። ሰባት ቀን ጾም ከስግደት ጋር።

«ለሌላ ሰው አርባ አርባ ነው የምሰጠው። አንቺ ግን እግርሽ ጠንክሯል ሲባል ሰምቻለሁ። መቶ ይሁን።»

ስግደት ሌላ ጡንቻ ነው የሚፈልገው ብዬ ተከራከርኩ።

«እንግዲያው እሱም ይጠንክር» አሉኝ።

በሁለተኛው ቀን ከወንበር ለመነሣት ጠረጴዛ መያዝ ነበረብኝ። መሥሪያ ቤት ያሉት ወባው ያገረሸብኝ መስሏቸው አዘኑልኝ። ሰባቱንም ቀን ጨረስኩ።

የቆረብኩት እሑድ ነው። አባ በጥብቅ አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ በዚያ ቀን መሮጥ የለም፣ ላብ የለም፣ ቤት ገብቶ ማረፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ በሩን ከፈተች።

«ዛሬ ሳትወጪ ዋልሽ። አሞሻል እንዴ?»

«ቆርቤ ነው።»

አየችኝ። ከዚያ በሩ ላይ እንደቆመች እልል አለች፤ ዕረፍት ላይ መሆኔ ትዝ ሲላት ድምፅዋን ቀነሰች። ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እስኪመሽም አብራኝ ዋለች። እኔም እግሬን ዘርግቼ ሰኞን ጠበቅሁ።