ወደ ጨንቻ የተላከው ጃኬት

የትራፊክ ፊሽካ ስሰማ ዛሬም እግሬ ባለበት ይቆማል፤ አባቴ በከተማችን ሲቀላ በሚባለው ሰፈር አደባባይ ላይ ቆሞ ሲነፋ ድምፁን ከሌሎቹ ለይቼ አውቀው ነበርና። በክረምት የዝናብ ልብሱ እየተንጠባጠበ፣ በበጋ ነጭ እጅጌው በአቧራ ቀልቶ ይገባ ነበር። ማንጎ በሚደርስበት ወራት ባጃጅ ነጂዎቹ በፌስታል ሞልተው ሊሰጡት ሲሞክሩ «ልጄ ትቀጣኛለች» እያለ ይመልስላቸው ነበር። እኔ ግን ዓይን አፋር ስለነበርኩ፣ ከጓደኞቼ ጋር ስሆን አንገቴን ደፍቼ በአጠገቡ አልፍ ነበር፤ እሱም ይገባውና እንደማያውቀኝ ሆኖ መኪናውን ሁሉ አስቁሞ ያሻግረኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው አሥር ዓመቴ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያን ቀን በእሱ በኩል ላለማለፍ ብዬ በጓሮ መንገድ ከትምህርት ቤት ተመለስኩ። በጎረቤታችን በጋሽ ጳውሎስ ግቢ የአባቴ ባልደረቦች ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ቁልቁል ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ሲወርድ፣ አባቴ ባጃጆቹን ከመንገድ አስወጥቶ እሱ ራሱ ሳይወጣ መቅረቱን ሲነጋገሩ በአጥሩ ቀዳዳ ሰማሁ።

በእኛ ሰፈር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የነበሩት ጋሽ ጳውሎስ አጥሩ ሥር ሲያዩኝ ተንበርክከው ትከሻዬን ያዙ።

«ምሕረትዬ፣ እናትሽ ነፍሰ ጡር ናት። የዛሬን ሌሊት እንኳ ትረፍ። ማለዳ እኛ እንነግራታለን፤ አንቺ እንዳትናገሪ፣ አደራ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ትልቅ ሰው ሲናገር ከእሺ ሌላ የማውቀው መልስ አልነበረኝም።

እኔን አስከትለው ቤት ገቡና፣ አባቴ በድንገት ለሥራ ወደ ጨንቻ እንደተላከ ለእማዬ ነገሯት፤ ማንም ደውሎ እንዳይነግራትም «ስልኬ ባትሪ ጨርሷል» ብለው የእሷን ተዋሱ። እሷን ያናደዳት ብርዱ ብቻ ነበር።

«ያ እኮ ደጋ ነው፣ ጋሼ። በሸሚዝ ብቻ ሄደ? ይኼ ሰውዬ ለራሱ አያውቅም» እያለች ወፍራሙን ጃኬቱን ከሣጥን አወጣች፣ አራግፋ አጠፈችው፣ ከመናኸሪያ ወደ ጨንቻ ለሚሄድ ሰው እንድሰጥላት አሸከመችኝ።

ጃኬቱን አቅፌ ወጣሁ። ሌላ የምወስድበት ስላልነበረኝ ጋሽ ጳውሎስ ዘንድ ሄድኩ፤ ተቀበሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስመለስ እማዬ «የሚያደርስ አገኘሽ?» አለችኝ።

«አገኘሁ» አልኳት።

ከበቆሎ ዱቄት የሚድቦለቦለውን ኩርኩፋ ከሀለኮ ቅጠል ጋር ሠርታ ነበርና እራት በላን፤ ድንገት ከመጣ ብላ የእሱን ድርሻ ከደነችለት። ለጉርሻ አፌን በከፈትኩ ቁጥር መርዶው ሊያመልጠኝ ይደርስና፣ ሆዷን ሳይ እመልሰው ነበር።

ዛሬ የሰው ሞት ሽማግሌዎች ሳይነሡ ከነፎቶው በስልክ ይደርሳል፤ ጭካኔ ነው እላለሁ። ያችን ምሽት ሳስታውስ ግን የትኛው እንደሚሻል መለየት ያቅተኛል።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ፤ በሩም ቀስ ብሎ ተንኳኳ። እማዬ ሆዷን ደግፋ ከአልጋው ቀና እያለች ሣቅ አለች።

«መጣ። ብርዱ አባሮት ነው። ሂጂ ክፈቺለት» አለችኝ።

ተነሥቼ በሩ ጋ ሄድኩና መቀርቀሪያውን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩት። አልከፈትኩም።