የጉድጓዱ አፍ

«የደፈኑት አንቱ ነዎት፤ ሌላ ማን ነካው?» አለች እህቴ ብርቄ፣ የሻገተ ማሽላ በእፍኟ ይዛ ከአባታችን ፊት ቆማ። አባታችን የእህል ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክከው፣ የተሰነጠቀውን ጭቃ በጣታቸው እየፈረፈሩ፣ «እኔ የደፈንኩት ጉድጓድ ውኃ ገብቶት አያውቅም» አሉ።

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው? ጠላ ጠምቀው ነው?»

እናታችን «ኧረ አፍሽን ያዥ! አባትሽ እኮ ናቸው!» ብትላትም ብርቄ አልሰማቻትም። በሌላ እጇ የያዘችው ፓስፖርት አብጦ፣ ገጾቹ ተጣብቀው፣ ፎቶዋ እድፍ ብቻ ሆኖ ነበር። እኔ ከኋላዋ ተጠግቼ ቆምኩ። ዛሬም የረጠበ ማሽላ በሸተተኝ ቁጥር ያ ጠዋት ከነጩኸቱ ይመለስብኛል።

ብርቄ የእግር ኳስ በረኛ ነበረች። ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ በበጋው ከሰዓት በኋላ፣ ከግራና ገበያ የመጣ ብርቱካን እየወረወርኩ አለማምዳት ነበር፤ የያዘችውን እናታችን ትወስዳለች፣ ያመለጣት የእኔ ነው። ዓመት በዓመት ድርሻዬ እያነሰ ሄደ። መጀመሪያ ወልድያ ላለ ቡድን ተጫወተች፣ ቀጥሎ ለአገሪቱ የወጣት ሴቶች ቡድን ተመረጠች፤ በዚያ ዓመት ግንቦት ላይም በአውሮፕላን ተሳፍራ ጎረቤት አገር ተጫውታ፣ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት አድና፣ ደረቱ ላይ ባንዲራ ያለበት ማልያ ለብሳ ተመለሰች። ስለ ኳስ ምንም የማያውቁት አባታችን ያገኙትን ሰው ሁሉ አስቁመው «በእጇ ነው የያዘችው፣ በእጇ!» ይሉ ነበር።

እሳቸውም የታወቁበት የራሳቸው ሙያ ነበራቸው። በሰፈራችን ማሽላ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው የሚቀመጠው፤ አፉ በጭድ ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተደርጎበት፣ በእበትና በጭቃ ካልተደፈነ አንድ ክረምት አያልፍም። ጎረቤት ሁሉ ጉድጓዱን የሚያስደፍነው በአባታችን ነበር።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወደኛ ሲደርስ፣ ታጣቂዎች ቤት እየፈተሹ ባንዲራና ማኅተም ያለበትን ሁሉ ይጠይቃሉ የሚል ወሬ መጣ። ብርቄ ፓስፖርቱን ደረቷ ላይ ልትደብቀው ፈልጋ ነበር። አባታችን ግን «አንቺንስ ቢፈትሹሽ? መሬት አደራ አይበላም፤ ለኔ ስጪኝ» አሉና ፓስፖርቱን በማልያው ጠቅልለው፣ ማልያውን በወፍራም ፌስታል አስረው፣ ጉድጓዱን ከፍተው ከማሽላው ላይ አድርገው መልሰው ሊደፍኑት ሲሉ እኔም የግጥም ደብተሬን አቀበልኳቸው። «የአንቺም ማኅተም አለበት?» ብለው ስቀው፣ አብረው አሰሩት።

በመስከረም መብራትም ስልክም አልነበረም። እናታችን ብርቄን ገጠር ወዳለችው አክስታችን ወስዳ እዚያው አብራት ከረመች። እኔ የምጽፍበት አጥቼ፣ ያረፍኩበት ሁሉ እየቆረቆረኝ፣ አባታችን ጨው ፍለጋ ግራና በሄዱበት ቀን ጭቃውን በማጭድ ፈልፍዬ፣ ድንጋዩን አንሸራትቼ ደብተሬን አወጣሁ። ዝናብ ጀመረ። ደብተሬ እንዳይረጥብ ፌስታሉን ለራሴ ወሰድኩ፤ ፓስፖርቱን በማልያው ብቻ እንደተጠቀለለ ማሽላው ላይ ጣልኩት። ድንጋዩን መልሼ፣ አንድ ሁለት እፍኝ ጭቃ ለጥፌበት ሮጥኩ። የአባታችንን ሥራ ብዙ ጊዜ ስላየሁት የቻልኩት መስሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ወጡ፣ እናታችንና ብርቄም መጡ፣ ስልክም ተመለሰ፤ አሠልጣኟ ደወለችና «በአምስት ቀን ውስጥ ፓስፖርትሽን ይዘሽ ድረሺ፤ ዕድሜሽ የሚፈቅደው የወጣቶች ውድድር ይኼ የመጨረሻው ነው» አለቻት። ጉድጓዱ የተከፈተው በማግስቱ ነው፤ በጩኸቱ መካከል ፌስታሉንም ደብተሬንም ያስታወሰ አልነበረም። ቡድኑ ያለ እሷ ሄደ። የጉድጓዱ ማሽላም አብሮ ስለጠፋ በዚያ በጋ የተበደርነውን እህል በላን። አባታችን ግን ከዚያ በኋላ የማንንም ጉድጓድ አልደፈኑም፤ ጎረቤት ሲለምናቸው እጃቸውን ገልበጥ አድርገው እያዩ «ይኼ እጅ አርጅቷል» ይሉ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ፣ በዚያው ደብተር ላይ ስለ ጦርነት ግጥም እጽፍ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ብርቄ ከወልድያ ልትጠይቀን መጣች። አሁን እዚያ ትናንሽ ልጃገረዶችን በረኝነት ታሠለጥናለች። አባታችን ጓዳ ተኝተው ሲያስሉ እየተሰማን፣ ነገርኳት፤ ደብተሩን፣ ፌስታሉን፣ ሁለቱን እፍኝ ጭቃ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየችው።

«ለአባ ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ጠላ ጠምቀው ነው ወይ ያልኳቸው እኮ እኔ ነኝ» አለች በቀስታ። «እኔ ሌላ ሥራ አገኘሁ። እሳቸው ምን አገኙ?»

«አብረን እንንገራቸው።»

«እኔ ካለሁ ከኋላዬ ትደበቂያለሽ፤ እንደዚያን ቀን።»

ያኔ የከፈትኩትን በወጉ ሳልዘጋ የሮጥኩት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ግን መሮጫ አልነበረኝም፣ ከጓዳው «ማን ነው የሚያወራው?» የሚል የአባታችን ድምፅ መጣ። ብርቄ ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ በሩንም ከውጭ ስባ፣ ክፍተት ሳትተው፣ ግጥም አድርጋ ዘጋችው።