የወንድ ዕቃ

አባቴ አስኮ ባለው ግቢያችን፣ ከቆርቆሮ በሠራት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ የእጅ ፕሬስ ነበረው። ወፍራም ብረት ነው፤ ረጅም እጀታውን ቁልቁል ሲስቡት ከሥሩ ያለውን ነገር ይጫናል። የገዛው ለመኪና ኩሽኔታ መግጠሚያ ነበር። እኛ ግን ያልሠራንበት ነገር የለም፤ ቀበቶ በሳንበት፣ የተጣመመ ማንኪያ አቃናንበት፣ ከነሐስ ቁራጭ የጆሮ ጌጥ ሠራንበት። እኛ የምለው እሱንና እኔን ነው። ወንድሜ ልብሱን ግሪስ እንዳይነካው ከበሩ አያልፍም ነበር።

አንድ ዓመት ለመስቀል እናቴ ቆጮ ስትጨምቅ የእጇን አንጓ አመማት። አባቴ ፕሬሱን በፈላ ውሃ አጥቦ፣ ቆጮውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሥሩ አስቀመጠ፤ እጀታውን የሳብኩት እኔ ነኝ። ውሃው ወረደ። ከብረቱ ጥርሶች መሃል የቀረውን ግሪስ ግን ማናችንም አላየንም። በማግስቱ ቆጮው ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ። እንግዶቹ ይሉኝታ ይዟቸው እያመሰገኑ በሉ፤ እናቴ አኮረፈች። አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀና፣ «እኔ ስሞት ይሄ ያንቺ ነው» አለኝ።

ሞተ። ከአርባው በኋላ ንብረት ሊያካፍሉ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ፕሬሱን ለወንድሜ፣ ቁም ሳጥኑን ለእኔ ሰጡ። አባቴ ያለውን ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ እሱ የወንድ ዕቃ ነው» አሉኝ አንደኛው። «ምን ታደርጊበታለሽ?»

እናቴ ታውቅ ነበር፤ አቀርቅራ ዝም አለች። ከሽማግሌዎቹ ፍርድ ይልቅ የእሷ ዝምታ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ለመስቀል ቤቴል፣ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ፕሬሱ ጓሮ ውስጥ ዝናብ እየመታው ቆሟል፤ በግ ታስሮበታል።

«እንደሱ ያለ ካስማ የለም፤ አይነቃነቅም» አለኝ ወንድሜ ኮራ ብሎ።

አብረውን የወጡ አንድ እንግዳ ደግሞ፣ «የአባቱን ዕቃ ያልጣለ ልጅ፣ ተባረክ!» ብለው መረቁት።

ለአህያ ማር አይጥማትም ልል ቃጣኝና ዋጥኩት። እጀታውን ያዝኩ። ዝጎ ተጣብቋል። በሁለት እጄ፣ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። በጉ ብቻ ደነበረ።

ወንድሜ መዳፌ ላይ የቀረውን ዝገት አይቶ ፊቱን አጨፈገገ።

«ታጠቢ እንጂ» አለኝ፤ «ክትፎው ቀርቧል።»