ሳቋን የደበቀችው ቅቤ ነጋዴ

በጃንሆይ ጊዜ ከሚሴ ውስጥ ቅቤ የምትነግደው ሰዒዳ አትስቅም ነበር። ሰው በጨዋታ ሆዱን ይዞ ሲንከተከት እሷ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ወትፋ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ባሏ አብዶ ያልቀለደላት ቀልድ አልነበረም፤ በመጨረሻ "የሷን ሳቅ ጅብ በልቶታል" ብሎ ተወው።

ምስኪን አብዶ! ሚስቱ ሰዒዳ አለመሆኗንም አያውቅ። የባቲዋ ዓዲላ ናት። ሳቋ ከገበያው ዳር እስከ ዳር ስለሚሰማ፣ ሰው ገና ሳያያት "ዓዲላ መጣች" ይል ነበር። አባቷ ለማትፈልገው ለእንድሪስ ሊድሯት ሲሉ በሰርጉ ዋዜማ ጠፍታ ከሚሴ ገባች። ስም ይለወጣል፤ ሳቅ ግን የት ይጣላል? እንድሪስና ወንድሞቹ ከሰሟት ከአብዶ ነጥቀው ይወስዷታል። እሱን ማጣት ደግሞ ከሞት ይከፋባታል። ስለዚህ ዋጠችው።

አንድ እሁድ ከአብዶ ጋር ሰንበቴ ከተማ ገበያ ወጥተው ሳለ፣ አፈኛው ደላላ ሸምሱ በቅሎ ሲያሻሽጥ "ወላሂ ከበግ የጨመተች ናት፤ ይኸው!" ብሎ ጭራዋን ሳብ አደረገ። በቅሎይቱ በርግጫ አንስታ የሰዒዳ ቅቤ ላይ ጣለችው። ጢሙ በቅቤ እንደተለወሰ ብድግ አለና፣

"አላልኳችሁም? ስትራገጥ እንኳ ለስላሳ ቦታ መርጣ ነው!"

ሰዒዳ ሻሿን ብትፈልግ አጣችው። የዋጠችው ሁሉ ባንዴ ፈነዳ። ገበያው ዞሮ አያት።

"ዓዲላ!" አለ አንድ ሰው ከግመሎቹ መሀል። እንድሪስ! ዱላውን ይዞ ሰው እየገፈተረ መጣ። የአብዶን ክንድ ጨመደደች።

"አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ ዓዲላ!" አለ እያለከለከ። "ስንት ገበያ ሳቅሽን ፈለግኩ!"

"አልሄድም! ባል አለኝ!"

"እኔስ ሚስት የለኝም እንዴ? ያን ሌሊት እኮ እኔም የምወዳትን ይዤ ጠፍቻለሁ! አገሩ ግን ባንድ ሌሊት ብንጠፋ አንቺና እኔ ድግሱን ሸሽተን አብረን የኮበለልን መስሎታል። አሁን ብመለስ አባትሽ ደጄ ተቀምጠው 'ልጄን የት ጣልካት? ናፈቀችኝ' ይሉኛል። መውጫ መግቢያ አሳጡኝ፣ ወላሂ!"

ስትሸሸው የኖረችው ሰው ለካ ሸሽቷት ኖሯል! እንባዋ እየወረደ አብዶን አየችው። አብዶ ጠጋ አለና፣

"ስምሽን በኋላ ትነግሪኛለሽ" አላት። "መጀመሪያ ያን ሳቅ ድገሚልኝ።"

በሳምንቱ ሰኞ ባልና ሚስት በጭነት መኪና ባቲ ወረዱ። አባቷ ዓይናቸው ደክሞ ገበያው ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ደርሳ ሰላም ልትል ስትል፣ አብዶ "ለስላሳ ቦታ መርጣ ነው!" አላት በጆሮዋ። ሳቋ አመለጣት።

ሽማግሌው ዞር እንኳ አላሉም። አጠገባቸው ያለውን ሰው ጉልበቱን ያዙና፣ "ዓዲላ መጣች" አሉት።