ተቀምጬ የማበጥርበት ኮመዲኖ

ባለቤቴ ሰፊውን ቴሌቪዥን ገዝቶ የገባ ዕለት ማስቀመጫ ፍለጋ ቤቱን ዞሮ ዞሮ ዓይኑ ያረፈው በእኔ ባለመስታወት ኮመዲኖ ላይ ነው። መስታወቱ ይነሳል፣ እግሩ ተቆርጦ ያጥራል፣ በቃ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ይሆናል አለኝ። ሮቤ ውስጥ ስንቱ ሰው እንዲህ እንዳደረገም አስረዳኝ። እውነቱን ነው፣ አድርገዋል። እኔ ግን እንቢ አልኩ።

ኮመዲኖው የእናቴ ነበር። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን እናቴ አንድ ሹም ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች። ሹሙ ሲዛወር ሚስትየው መንገዱ ይሰብረዋል ብላ ለእናቴ ሰጠቻት። ከሐረና ጫካ ዝግባ የተሠራ ነው። ሦስት መስታወት አለው፤ የግራና የቀኙ እንደ መስኮት ይታጠፋሉ። መሳቢያዎቹ በሁለቱ ጎን ናቸው፣ መሃሉ ክፍት ነው። ያ ክፍት ቦታ የጉልበት ነው። እናቴ የሰው ልብስ ስታጥብ ጎንበስ ብላ ትውልና ቤት ስትገባ በርጩማዋን ስባ፣ ጉልበቷን እዚያ አስገብታ ትቀመጣለች። በዚያች ሰዓት ውሃ አምጪ የሚላት እንኳ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የመጡትን ሁሉ አይቻለሁ። ሠርግ ቤት ሰው ሙሽራ ያያል፣ እኔ ኮመዲኖ አያለሁ። መጀመሪያ ሦስቱ መስታወት አንድ ክብ ሆነ። ቀጥሎ መሃሉ በመሳቢያ ተሞላ፤ ጉልበት የሚገባበት ጠፋ፣ ሴቷም ቆማ ማበጠር ጀመረች። ጊኒር ለሠርግ ሄጄ ያየሁት ደግሞ ቁምሳጥን በር ላይ የተለጠፈ መስታወት ነው፤ በሩ ሲከፈት ፊትሽም አብሮ ይሄዳል። አሁን ሮቤ ሱቆች የተደረደሩት ነጫጭ ናቸው፣ ዙሪያቸውን አምፖል የበራላቸው። ያምራሉ፣ አልዋሽም። ግን የተጨመቀ ሰጋቱራ ናቸው። የእኛ ጉም አንድ ክረምት ከገባባቸው እንደ ዳቦ ያብጣሉ።

ከጎሮ ልትጠይቀን የመጣችው የባለቤቴ እህት ወንድሟን ደገፈች። "ለመሆኑ አሁን ተቀምጦ የሚኳኳል ማን አለ? በዚህ ዕድሜሽ፣ እቴ?"

"አለሁ" አልኳት።

ባለቤቴ ነገሩን የተወው መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አናጢ ይዞ መጣ። የሰፈራችን ሰው ነው፣ የሁለት ልጆች አባት። መጋዙን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ "አካም ቡልተኒ፣ እትዬ" ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀኝ። "ነጋ፣ ደህና" አልኩትና በርጩማዬን ስቤ ኮመዲኖው ፊት ተቀመጥኩ። ጉልበቴን አስገባሁ። ሻሼን ፈታሁ፣ ከዚያ ሹሩባዬን አንድ በአንድ መፍታት ያዝኩ። የተሠራሁት ደግሞ ደቃቅ ነበር።

ባለቤቴ በመስታወቶቹ ሦስት ቦታ ይታየኛል። ሦስቱም ተቆጥተዋል።

"ተነሺ እንጂ፣ ሰው ቆሟል።"

"ፀጉሬን ልጨርስ።"

"መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ገና ቅቤ እቀባለሁ።"

አናጢው ሳቁን ዋጠ። ቆሞ ሲሰለቸው ጎንበስ ብሎ የኮመዲኖውን ጎን ዳሰሰ፣ አንዱን መሳቢያ ሳብ አድርጎ ማጋጠሚያውን አየ። አንድም ሚስማር የለበትም። ብዙ ካየ በኋላ ወደ ባለቤቴ ዞረ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን እኔ አልቆርጥም" አለና መጋዙን ይዞ ሄደ።

ባለቤቴ ታዲያ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ኮመዲኖውን ያዳነው አናጢው ነው እያለ ያወራል። እንግዳውም አናጢውን ይመርቃል። እኔ እንዲስተካከል የምፈልገው ይህንን ነው። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ እንጨትም ያውቃል። ግን እሺ ብሎ መጋዙን ቢያነሳም ኖሮ እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ቅዳሜን ውዬ እሁድንም እጨምር ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ እንኳ ቶሎ አልተነሳሁም። ሹሩባዬን ፈትቼ ጨረስኩ፣ አበጠርኩ፣ ቅቤዬን ተቀባሁ፣ ሻሼን አሰርኩ። የተነሳሁት ስፈልግ ነው።