ከመብረቁ በኋላ የቆመችው

እኅቴ የሞተች ዕለት ሁለታችን ከሮብ ገበያ እየተመለስን ነበር። ታላቄ ናት፤ እሷ ከፊት ትሄዳለች፣ እኔ አህያዋን እየነዳሁ ከኋላ። ነሐሴ ነው። ገና በዘጠኝ ሰዓት ሰማዩ ጠቁሮ መንገዱ ደንገዝገዝ ብሏል። ከሰው ቤት ገብተን ዝናቡን እናሳልፈው ብያት ነበር። አንዴ ከራስን ወዲያ ምን መጠለያ ያሻል ብላ እምቢ አለች።

ሜዳው መካከል ስንደርስ ዞር ብላ ጠበቀችኝ። በአንድ እጇ ጥላ ይዛለች፣ በሌላው ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ትስባለች። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨፍኜም አየኋት። ጥላው፣ የታጠፈው ክርኗ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ታየኝ። ጆሮዬ ጭው ብሏል። ዓይኔን ስገልጥም እዚያው ቆማለች። ስለዚህ አልሮጥኩም።

"ተርፈናል እታለም፤ አይዞሽ" አልኳት።

የደነበረችውን አህያ ለማየት ወደ ግራ ስዞር እኅቴም አብራኝ ዞረች። በአህያዋ ጀርባ ላይ አለፈች፣ ከሣሩ በላይ ተንሳፈፈች። ያኔ ገባኝ። መልኳ እየሳሳ ሄዶ ሜዳው ሲገለጥ እኅቴ በጀርባዋ ተዘርግታ ነበር።

የመጡት ሰዎች ወዲያው ነው የሞተችው አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እሷ ወድቃ ሳለ ምስሏን ሳጽናና ቆሜ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ፣ እኅትህ ስትወድቅ ጮኻለች ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ስትወድቅ አላየሁም አልኳት፤ የደበቅኳት ነገር እንዳለ ገብቷታል።

ከዓመታት በኋላ ለመነጽር ደብረ ማርቆስ ሄጄ የዓይን ሐኪሙን ጠየቅኩት። ኃይለኛ ብርሃን ዓይን ውስጥ ምስል ጥሎ እንደሚያልፍ፣ ቢቆይ ግን ጥቂት ደቂቃ እንደሆነ አስረዳኝ። እኔ ዛሬም ይታየኛል አልኩት። እሱ የዓይን ጉዳይ አይደለም አለኝ፣ በቀስታ።

በዚያው ሳምንት ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም።

"ለእኔ የሚታየኝ ያመጣችሁት ሬሳዋ ነው" አለች። "አንተስ ቆማ ታያታለህ።"

ከዚያ ወዲህ ሰማይ ሲያጉረመርም እናቴ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። አንዳንዴ ብልጭ ሲል ፊቴን ስታይ አገኛታለሁ።