የፈትል ተራዬ የደረሰ ቀን

ይህን ነገር ለማንም አውርቼ አላውቅም። ባሌ ሳያውቀው ሞተ፤ ልጆቼም አያውቁትም። ሌላውን የወጣትነት ጉዴን እየሳቅሁ አውርቻለሁ፤ አዲስ ሙሽራ ሆኜ የጠመቅሁት ጠላ ኮምጣጤ መሆኑን፣ ላም አባረረችኝ ብዬ አጥር መዝለሌን ሁሉ ቤተሰቡ በቃሉ ይዞታል። ይህንን ግን ልጀምር ስል ፊቴ ይግላል፤ ወሬ እቀይራለሁ። አሁን ወረቀት ዐይን የለውም ብዬ ነው የደፈርኩት።

ሱሉልታ የገባሁት በጃንሆይ ዘመን፣ በሃያ ዓመቴ፣ የመንገድ ሥራ ግሬደር የሚነዳ ሰው አግብቼ ነው። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ከአዲስ አበባ ሱሉልታ እንጦጦን መሻገር ብቻ ነው፤ ለኛ ሰፈር ሰው ግን እንጦጦን ተሻግሮ መኖር አገር ጥሎ እንደ መጥፋት ይቆጠር ነበር። የባንክ ጸሐፊ ያገባችው ታላቅ እህቴማ፣ «ለአንድ ግሬደር ነጂ ብለሽ ጭቃ ውስጥ ልትገቢ ነው?» ብላ ሠርጌ ሳምንት ሳይሞላው አስለቅሳኛለች። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ እልህ ደግሞ ውሸት ይወዳል። በየደብዳቤዬ ቤታችን ባለ ቆርቆሮና ሰፊ እንደ ሆነ፣ ሠራተኛ እንደ ቀጠርኩ፣ ጎረቤቶቼ የሹማምንትና የጸሐፊዎች ሚስቶች እንደ ሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ እየተጠራራን ሻይ እንደምንጠጣ ጻፍኩላት። ከዚህ ሁሉ እውነቱ ቆርቆሮው ብቻ ነበር።

ሰኔ እንደ ገባ ባሌን ወደ ዓባይ ቁልቁለት ላኩት። ክረምት በመጣ ቁጥር ናዳ መንገዱን ስለሚዘጋው ግሬደሩም እሱም እዚያው ይከርማሉ። «በየአሥራ አምስት ቀኑ ብቅ እላለሁ» ብሎኝ ሄደ፤ ወሩ አለቀ፣ አልመጣም። ሱሉልታን በክረምት ያላየ ሰው ብቸኝነቴን አይረዳልኝም። ሜዳው ሁሉ ውሃ ይተኛበታል። ጭጋጉ ጠዋት ከእንጦጦ ወርዶ ደጃፍ ድረስ ይመጣና፣ እንደ ማይፈለግ እንግዳ ቁጭ ይላል። ጭቃው ከእግር ጫማ ይነጥቃል። ቀን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ነው፤ ከራስ ጋር እንኳ መነጋገር አይቻልም።

መጀመሪያ ፀጉሬን መሠራት ተውኩ። ቀጥሎ ወጥ መሥራት ተውኩ፤ ለአንድ ሰው ሽንኩርት መክተፍ ሞኝነት መሰለኝ። በመጨረሻ እሳት ማንደዱም ቀረ። እንጨቱ ርሶ እምቢ ሲለኝ «ገደል ግባ!» አልኩትና ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ። የደረቀ ዳቦ እየገመጥኩ፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ ለምን እንደማለቅስ ሳላውቅ እያለቀስኩ ሦስት ቀን ተኛሁ። ሆድ ባሰኝ ይባላል በኛ ቋንቋ፤ የኔ ግን ከሆድም አልፎ እጅና እግሬን የያዘኝ ነገር ነበር። ብሞት የሚያውቅልኝ ሰው የለም እያልኩ አስብ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። ከመንገዱ ማዶ ሳር ቤት ውስጥ የሚኖሩት አሮጊት ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት ላሞችና ትንሽ ማሳ ያላቸው ሴት ናቸው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። በአንድ ገል ላይ ፍም ይዘው በሌላ ገል ከድነውታል። ጋቢያቸው ከላይ እስከ ታች ረጥቧል፤ ፍሙ ግን ቀይ ነበር።

«ያ ኢንተላ» አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። «ቤትሽ ሦስት ቀን አልጨሰም። ሞታ ይሆን እንዴ ብዬ መጣሁ።»

«አልሞትኩም፣ እማማ።»

«እሱንማ አየሁ። እንግዲያስ ከኢ! ተነሺ!»

እሳቸው ይህን ሁሉ ቀን ከደጃቸው ሆነው የቤቴን ጭስ ይቆጥሩ ኖሯል። ገብተው፣ እንጨቴን አይተው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ከምድጃቸው በላይ ቆጥ ላይ የደረቀ እንጨት አመጡ። እሳት አነደዱ፣ አጥሚት አፍልተው አጠጡኝ፣ ጎንበስ ብለውም ፀጉሬን አሸተቱና በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። ትርጉሙን እስከ ዛሬ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ ምስጋና እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ። ሲወጡ፣ «ነገ ማክሰኞ ነው። እንዝርት አለሽ?» አሉኝ። እናቴ ለወጉ ያህል ከዕቃዬ ጋር የከተተችልኝ፣ ጥጥ ነክቶት የማያውቅ እንዝርት ነበረኝ። «ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

የሰፈሩ ሴቶች የክረምቱን ብርድና ጨለማ የሚያሳልፉት በፈትል ውንፈል መሆኑን ያወቅሁት በማግሥቱ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፣ በተራ አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። ባለ ተራዋ ንፍሮና ጠላ ታቀርባለች፤ ሌሎቹ ሁሉ የራሳቸውን ጥጥ ትተው የእሷን ይፈትላሉ። ዛሬ ላንቺ፣ ነገ ለኔ ነው። መስከረም ሲጠባ የእያንዳንዷ ልቃቂት ለሸማኔ ይደርሳል። አምስት ነበሩ፤ ከኔ ጋር ስድስት ሆንን።

ስፈትል ያላየ ሰው ደስ ይበለው። ክሬ አንዱ ጋ እንደ ጣት ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይበጠሳል። ከመካከላቸው ቀልደኛዋ፣ አንዲት ወፍራም የከብት ነጋዴ ሚስት፣ ክሩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ፣ «ይሄ ለጋቢ ነው ወይስ ለአህያ መጫኛ?» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ቀልዱን በኦሮምኛ ይጀምሩታል፤ ለኔ ሲሉ ባማርኛ ይደግሙታል። እኔ ዘግይቼ ስስቅ በኔ መዘግየት ደግሞ እንደ አዲስ ይስቃሉ። እዚያ የሚወራው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ የማን ላም ወለደች፣ የማን ጣራ አፈሰሰ፣ የማን ባል አኮረፈ። እኔ ግን እሱን ለመስማት ሐሙስ እስኪደርስ እቸኩል ጀመር። ፀጉሬን አንዷ ሠራችልኝ። ከሳምንት በኋላ ጠዋት ስነሳ ሳላስበው ወጥ መሥራት ጀመርኩ። ሐኪም አላዳነኝም፤ ያዳኑኝ እነዚያ ሴቶች ናቸው። ይህን የምለው የሚቀጥለው እንዲገባችሁ ነው።

ሐምሌ ሲያልቅ ተራው የእማማ ነበር። «አንቺ አዲስ ነሽ፤ በመጀመሪያ ያንቺ ቤት ይሙቅ» ብለው ለኔ ለቀቁልኝ። እሳቸው የሚለብሱት ጋቢ ጠርዙ አልቆ ነበር፤ አዲስ የሚያስፈልጋቸው እሳቸው ነበሩ። እኔ በደስታ ተቀበልኩ። ከዋዜማው ጀምሮ ስንዴና ባቄላ ዘፈዘፍኩ፣ ቤቱን ጠረግሁ፣ ባዘቶውን በሰፌድ ላይ ደርድሬ አሥር ጊዜ አየሁት። እንግዳ የምቀበል ባለ ቤት መሆኔ ኩራት ኩራት አለኝ።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ዝናቡ ዘንቦ ወደ ስድስት ሰዓት ላይ አባራ። አውቶቡስ ሲቆም ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ ደጃፌ ላይ የቆመችው እህቴ ነበረች፤ በአንድ እጇ ጥላ፣ በሌላው የኬክ ካርቶን፣ ባለ ተረከዝ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ። «ብቸኝነት እንዳይጎዳሽ ብዬ ላጫውትሽ መጣሁ» አለችና አቀፈችኝ። ሽቶዋ ቤቱን ሞላው። አቅፌያት ሳለሁ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ያየሁት ሰፌዱን ነው። ጫማዋን ለማጠብ ጎንበስ ያልኩ መስዬ ከነባዘቶው አልጋ ሥር ገፋሁት።

«ሠራተኛሽ የታለች?» አለችኝ።

«ቤተሰቦቿን ልትጠይቅ ሄዳለች።»

«ይሄ ሁሉ ንፍሮስ?»

«እሷ ናት የቀቀለችው፤ ልክ አታውቅም።»

የሌለች ሠራተኛ ላይ አላከክሁ። እህቴ ኬኩን እየቆረሰች፣ «በይ እነዚያን ጎረቤቶችሽን ጥሪያቸውና እንተዋወቅ። የጻፍሽልኝን የጸሐፊውን ሚስት ማየት እፈልጋለሁ» አለች። «ዛሬ የለችም» አልኳት። ጆሮዬ ከደጅ ነበር። የማይመጡበትን ምክንያት እየፈጠርኩ እጸልይ ነበር፤ ዝናብ ይዝነብ፣ አንዷን ሆዷን ይመማት፣ ምንም ይሁን። ሰማዩ ግን ጠርቶ ፀሐይ ወጣች።

በመጨረሻ ሳቃቸውን ሰማሁት። ከመንገዱ ማዶ ጀምሮ ይሰማል፤ እርጥብ ጭቃ ላይ የባዶ እግር ኮቴም ተከተለ። ተነስቼ በሩን ቀረቀርኩ። እህቴ አየችኝ። በሩ ተንኳኳ፤ «ያ ኢንተላ! መጣን!» አሉ እማማ። ድምፃቸው ደስ ብሎታል።

«እነማን ናቸው?» አለች እህቴ።

እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። ጓደኞቼ ናቸው ማለት ምን ይከብድ ነበር? ግን ባዶ እግራቸው ታየኝ፤ የጭስና የቅቤ ሽታቸው ታየኝ፤ እህቴ ለእናቴ የምታወራው ታየኝ። «ለማኞች ናቸው» አልኳት።

«ታዲያ መልሻቸው እንጂ፤ ዝም ካልሻቸው አይሄዱም።»

ዘወር ብዬ በሩን ፊት ለፊት እያየሁ፣ ለነዳይ እንደሚባለው፣ «እግዜር ይስጣችሁ! ሌላ ቀን!» ብዬ ጮህኩ።

ሳቁ ቆመ።  ከበሩ ወዲያ አንድ ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ኮቴው ወደ መጣበት ተመለሰ፤ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው።

እህቴ ስለ ልጆቿ ስትነግረኝ እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። አመሻሹ ላይ አውቶቡስ ልትይዝ በሩን ስንከፍት ደጃፉ ላይ የታሰረ እንጨት አገኘን፤ ጭስ ያጠቆረው፣ ክው ብሎ የደረቀ፣ በዚያ ክረምት ማንም ሰው ለራሱ የሚሳሳለት እንጨት። ከላዩ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ የገብስ ቆሎ ነበር። እህቴ እንጨቱን አየች፣ እኔን አየች። «የዚህ አገር ለማኝ እንጨት ሰጥቶ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለች። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቋረጠችና ጥላዋን አነሳች። እስክትሳፈር ድረስ ሸኘኋት።

እንጨቱን መመለስ ነበረብኝ። ተሸክሜ ሄጄ ከእማማ እግር ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አነደድኩት። ብርድ ነበር።

ሐሙስ አልሄድኩም። በምን ፊቴ? ዓርብ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ወፍራሟን ሴት ከሩቅ አይቼ አጥር ሥር ተደበቅሁ። እንደገና አልጋ ላይ መዋል ጀመርኩ፤ እሳት ግን በየማለዳው አነድ ነበር፤ እማማ ጭሱን አይተው እንዳይመጡ። የፈራሁት እሳቸው ለኔ ማዘናቸውን ነው።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ግን ጭሱ እየወጣም መጡ። በሩን ከፈትኩ። የምለውን ሳምንቱን ሙሉ ሳጠናው ነበር፤ «እማማ፣ በድያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» ነው። «እማማ…» ስል እጃቸውን አነሱ።

«ያለፈው ማክሰኞ መጥተን ነበር» አሉኝ። «ዝናቡ ቆርቆሮሽን ሲደበድበው ማንኳኳታችንን አልሰማሽም። እኛም አንቺ ያልሽው ነገር ካለ አልሰማንም። ለነዚያም ነግሬያቸዋለሁ፤ እየመጡ ነው። ባዘቶሽን አውጪ።»

አየኋቸው። ዐይናቸውን አላሸሹም። ያን ቀን፣ እነሱ ደጃፌ ላይ ሲቆሙ፣ አንዲት ጠብታ እንዳልነበረች እሳቸውም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። አፌ ላይ የነበረውን ይቅርታ ዋጥኩትና ከአልጋ ሥር ሰፌዱን ሳብኩት።

አራቱም መጡ። እንደ ወትሮው፣ «አካም ኦልቴ» ብለው ሰላምታ ሰጡኝ፣ እንደ ወትሮው ተቀመጡ፣ የኔን ጥጥ ተካፈሉና እንዝርቶቹ መሾር ጀመሩ።  ከዚያ እማማ ዐይናቸውን ከክሩ ሳያነሱ፣ «ያለፈው ማክሰኞስ ዝናብ ጉድ ነበር» አሉ።

«ጎርፉ ጓሮዬን ጠራርጎ ሄደ» አለች አንዷ።

«እኔማ ሰማዩ ተቀደደ ብዬ ነበር» አለች ሌላዋ። ወፍራሟ ሴት፣ ያቺ ምንም ነገር ሳትቀልድ የማታልፈው፣ ምንም ሳትቀልድ፣ «ሰው ከሰው አያሰማም ነበር» አለች።

ሁሉም እየፈተሉ ጠበቁኝ። ተራው የኔ እንደ ሆነ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ሰዓት በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም፤ አምስቱም ፊቴ ነበሩ፣ እጃቸው ላይ የኔ ጥጥ ነበር።

«በረዶም ነበረው» አልኩ።